በዱር ስለ ማደርና በጊዜው ስለ መመለስ

ሰው በቤቱ ሳለ የሚሠራው ስሕተት ብዙ ጊዜ ይቃናለታል። ክብሪት ቢያጣ ከጎረቤት እሳት ይጭራል፤ እህል ቢያልቅበት ይበደራል፤ ቢታመምም ሐኪም ይጠራለታል። ጎረቤት በሌለበት በተራራና በዱር ግን የረሳውን የሚያበድረው የለም። በዚያ ሰውን የሚያድነው ወይም የሚጎዳው ከቤቱ ሳይወጣ ያሰበውና ሳያስብ የቀረው ነገር ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ተብሎ የተተረተውም ስለዚህ ነው።

በዛሬው ዘመን ለንግድ ወይም ለዘመቻ ሳይሆን የተፈጥሮን ውበት ለማየት ብቻ ስንቁን ተሸክሞ፥ ድንኳኑን ተክሎ በዱር የሚያድር ሰው ብዙ ነው። ይህም መልካም ነገር ነው፤ ሰውነትን ያጠነክራል፥ ዓይንን ይከፍታል፥ ትዕግሥትንም ያስተምራል። ነገር ግን ሥርዓቱን የማያውቅ ሰው ደስታውን በሐዘን ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ከአገራችን ተራሮች ስሜንን ምሳሌ አድርገን፥ መንገደኛ ሊያውቀው የሚገባውን እንናገራለን።

ከጎንደር በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ደባርቅ የምትባል ከተማ አለች። ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ ሰው ጉዞውን ከዚያ ይጀምራል። ደባርቅ ራስዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ከዚያ ተነሥቶ መንገደኛው በሳንቃበር 3,200 ሜትር ገደማ፥ በግጭና በጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ያድራል። ቧሂት ከ4,400 ሜትር፥ ራስ ደጀንም ከ4,500 ሜትር በላይ ናቸው። ከምድር ሁሉ በዚህ ተራራ ብቻ የሚገኘው ዋልያ፥ ሣር ነጭቶ የሚበላው ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩት በዚሁ አገር ነው።

፩. ከመነሣት በፊት

ብልኅ መንገደኛ ከእግሩ አስቀድሞ ልቡን ያስኬዳል። እንግዲህ አስቀድመህ ወራቱን ምረጥ። በስሜን ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል፤ ጭጋግ ገደሉን ይሸፍነዋል፥ ጅረቱ ይሞላል፥ መንገዱም ያንሸራትታል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ለጉዞ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን በዚያው ወራት ሌሊቱ ውርጭ ነውና፥ በኮዳ ያደረው ውሃ ሲነጋ በረዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛ፥ አገሩ ሰላም መሆኑን ጠይቅ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ በ2023ም በአማራ ክልል ውጊያ በተነሣ ጊዜ፥ ብዙ መንገድ ለመንገደኛ አስጊ ሆኖ ነበር። ትናንት ሰላም የነበረው መንገድ ዛሬ ሰላም ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የዓምናውን ወሬ ሳትይዝ፥ ከአገሩ የመጡትንና በአገሩ ያሉትን ሰዎች ጠይቀህ ተነሣ።

ሦስተኛ፥ ብቻህን አትሂድ። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንደ ተባለ፥ ሁለት ሆኖ መሄድ ይሻላል፤ አራት ቢሆኑ ግን ይበልጣል፤ አንዱ ቢታመም አንዱ አብሮት ይቀመጣል፥ ሁለቱም ርዳታ ለመጥራት ይሄዳሉና። የአገሩን መንገድ የሚያውቅ መሪ መያዝም ውርደት አይደለም። ካርታ ገደሉን ያሳይሃል፤ ዛሬ ጠዋት የትኛው ምንጭ እንደ ደረቀ የሚነግርህ ግን የአገሩ ሰው ነው።

አራተኛ፥ በምን መንገድ እንደምትሄድ፥ ከማን ጋር እንደ ሆንህና በምን ቀን እንደምትመለስ በወረቀት ጽፈህ በቤት ለሚቀር ሰው ስጥ። በተቀጠረው ቀን ካልተመለስህም ማንን እንዲጠይቅ ንገረው። የት እንደ ሄደ ያልታወቀ ሰው የት እንደሚፈለግም አይታወቅም።

፪. ስለ ሸክምና ስለ ስንቅ

ከመጠን ያለፈ ሸክም ጕልበትን ይሰብራል፥ ያነሰ ዝግጅትም ሕይወትን ያሳጣል። በጀርባው የሚሸከም ሰው ሸክሙ ከራሱ ክብደት አምስተኛ እጅ ባይበልጥ ይመረጣል፤ 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ያህል ይያዝ ማለት ነው። ከባዱን ዕቃ ወደ ጀርባህ አስጠግተህ በመካከል አኑረው፤ የዝናብ ልብስህን ግን ዝናብ ሲመጣ ሳትፈልግ እንድታገኘው ከሁሉ በላይ አድርገው። ክብሪትህንና የመኝታ ልብስህን በፌስታል ጠቅልል፤ የራሰ ክብሪት ከድንጋይ አይሻልምና።

ጫማህ አዲስ አይሁን፤ አስቀድመህ ለብዙ ቀን ተጫምተህ ተለማመደው። በመንገድ ላይ ተረከዝህ መለብለብ ሲጀምር «እስከ ሰፈሩ ልታገሥ» ሳትል ወዲያው ቆመህ በፕላስተር ሸፍነው። ውሃ ከቋጠረ በኋላ የሚደረግ ጥንቃቄ ዘግይቷል፤ የአንድ ሰው እግርም የጓደኞቹን ሁሉ መንገድ ያዘገያል።

ስለ ስንቅ አባቶቻችን የተዉልን ጥበብ ዛሬም አልተሻረም። በሶ፥ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ጭኮ፥ ቋንጣና ድርቆሽ ቀላል ናቸው፥ ቶሎም አይበላሹም፥ አብዛኞቹም እሳት አይሹም። ይህ በተራራ ላይ ትልቅ ጥቅም ነው። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ውሃ ሙቀቱ ሳይበረታ ይፈላልና፤ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በ3,600 ሜትር ላይ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ባቄላና ሽምብራ ቢቀቅሉት እንጨቱ ያልቃል እንጂ እህሉ ቶሎ አይበስልም። ከታሰበውም ቀን በላይ ለአንድ ቀን የሚበቃ ስንቅ ጨምረህ ያዝ፤ ጅረት ሞልቶ ወይም ጓደኛህ ታሞ አንድ ቀን ልትውል ትችላለህ።

፫. ቀስ ብሎ ስለ መውጣት

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት በተራራ ላይ የሕክምና ምክር ነው። በ3,600 ሜትር ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ነው። ሰውነት ይህን ለመልመድ ቀናት ያስፈልጉታል። ስለዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድርበት ቦታ ትናንት ካደርህበት ከ500 ሜትር የበለጠ ከፍታ አይኑረው፤ በየ3 ወይም በየ4 ቀኑም አንድ ቀን ዕረፍ። ቀን ወደ ከፍተኛው ወጥቶ ለማደር ወደ ዝቅተኛው መመለስ መልካም ልማድ ነው፤ በጨነቅ የሰፈረ ሰው ቧሂትን ቀን ወጥቶ አይቶ ማታ ወደ ጨነቅ ይመለሳል።

የከፍታ ሕመም በራስ ምታት ይጀምራል፤ ከዚያም ምግብ ያስጠላል፥ ያቅለሸልሻል፥ እንቅልፍ ይነሣል። ይህን ያየ ሰው ወደ ላይ አንድ እርምጃ አይጨምር፤ ባለበት ይረፍ፤ ካልተሻለው ይውረድ። ነገር ግን ታማሚው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፥ ቃሉ ከተምታታ፥ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረውና ካሳለው ነገሩ የሞትና የሕይወት ነው። ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ጋር እያጋጠመ በቀጥታ መስመር እንዲራመድ አድርጉት፤ ካልቻለ ሳይነጋም ቢሆን በመብራት ደግፋችሁ አውርዱት። የዚህ ሕመም ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው፤ ቢያንስ 300 ሜትር፥ ቢቻል 1,000 ሜትር ይውረድ፤ ከዚያም ወደ ሐኪም ይወሰድ። ይህ ሕመም ጐበዝና ደካማ፥ ወጣትና ሽማግሌ አይመርጥም። እንዲያውም ወጣቱ በጕልበቱ ታምኖ ፈጥኖ ይወጣልና አደጋው በእርሱ ላይ ይበረታል።

፬. ስለ ሰፈር፥ ስለ ውሃና ስለ እሳት

ፀሐይ ሳትጠልቅ ስፈር። በጨለማ የተተከለ ድንኳን በምን ላይ እንደ ተተከለ የሚታወቀው ሲነጋ ነው። በደረቀ የወንዝ ሆድ ውስጥ አትስፈር፤ ከላይ የዘነበ ዝናብ አንተ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ጐርፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ሊወድቅ ከደረሰ ዛፍ በታችና ከገደል አፋፍም ራቅ። የድንኳኑን በር ከነፋሱ መልስ። ጫማህንና ጠፍርህን በውጭ አታሳድር፤ ጅብ ቆዳ ይበላልና።

በእርሻ ወይም በመንደር አጠገብ ብትሆን ሳትጠይቅ ካስማ አትትከል። ሽማግሌውን «አባቴ፥ እንደምን አመሹ፤ የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን፤ ከዚህ ብናድር ይፈቅዱልናልን?» ብለህ ጠይቅ። ይህ ቃል በአገራችን በከንቱ የሚመለስ አይደለም። ተጠይቆ የፈቀደ ሰው ሌሊቱን ጠባቂህ ይሆናል።

ጥሩ የሚመስለው የተራራ ውሃ ከላይ ከብት የዋለበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳታፈላ አትጠጣ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ አቆየው። ለመጸዳዳትም ከውሃው 100 እርምጃ ያህል ርቀህ አንድ ስንዝር ጕድጓድ ቆፍር፥ አፈሩንም መልስበት።

አሁን የምንናገረውን ከሁሉ ይልቅ አስተውል። ብርድ በጸናበት ሌሊት ብዙ ሰው የከሰል ምድጃውን ወደ ድንኳን ሊያስገባ ይፈተናል። ይህን ከቶ አታድርግ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው አየር ሽታ የለውም፥ አይታይም፥ አያስልም። በደም ውስጥ ያለውን የኦክሲጅን ስፍራ ይይዛል፤ ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኀይልም ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። የተኛው ሰው ሙቀት ያገኘ መስሎት እንደ ተኛ ይቀራል። ጭሱ ስላለቀና ፍሙ ስለ ቀላ አደጋው ያለፈ አይምሰልህ፤ ጭስ የሌለው ፍም እርሱ ገዳዩ ነው። የቡታጋዝ ምድጃም በተዘጋ ድንኳን ውስጥ እንዲሁ ነው። መሞቅ ብትሻ የሞቀ ውሃ በኮዳ ሞልተህ፥ ክዳኑን አጥብቀህ፥ በጨርቅ ጠቅልለህ ታቅፈህ ተኛ።

፭. ስለ ብርድና ስለ መብረቅ

ሰውን በብርድ ለመግደል በረዶ አያስፈልግም፤ ዝናብ፥ ነፋስና ድካም ሲገናኙ ይበቃሉ። ነጠላና ጋቢ በቤት ደጃፍ መልካም ልብስ ናቸው፤ ጥጥ ግን ከራሰ ሙቀት አይዝም። የበግ ጠጕር ልብስ ቢርስም ጥቂት ያሞቃል፤ የደጋ ሰዎች በርኖስና ባና የመረጡት በከንቱ አይደለም። ለመኝታ አንድ ደረቅ ልብስ ምንጊዜም ለይተህ አኑር። ጓደኛህ ቢንቀጠቀጥ፥ ምላሱ ቢተሳሰር፥ እግሩም ቢደናቀፍ ብርዱ ወደ ውስጥ ገብቶበታል። ከነፋስ ጋርደው፥ እርጥቡን ልብስ አውልቅለት፥ በደረቅ ልብስ ሸፍነው፥ ልቡ ካልሳተም የሞቀና የጣፈጠ ነገር አጠጣው። መንቀጥቀጡ ቆሞ ዝም ቢል ተሻለው አትበል፤ ያ የከፋው ምልክት ነው።

ነጐድጓድ ስትሰማ ከመብረቁ ብልጭታ ጀምረህ ድምፁ እስኪመጣ ቍጠር። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 30 ሳትቈጥር ከሰማኸው መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነውና ከሸንተረሩ ፈጥነህ ውረድ፤ ለብቻው ከቆመ ዛፍም ራቅ። የመጨረሻውን ነጐድጓድ ከሰማህ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ከፍታው አትመለስ።

፮. መንገድ ስለ መጥፋት

መንገድ የጠፋው ሰው የመጀመሪያ ጠላቱ ድንጋጤ ነው። መንገዱ እንደ ጠፋህ ባወቅህ ጊዜ ቁም፤ ተቀመጥ፤ ውሃ ጠጣ፤ መጨረሻ የምታውቀው ስፍራ የት እንደ ነበረ አስብ። የመጣህበትን ዱካ ካወቅህ ተመለስበት፤ ጭጋግ ከሆነ ወይም ከመሸ ግን ካለህበት አትንቀሳቀስ፤ የስሜን ገደል በብዙ መቶ ሜትር የሚቈጠር ነው። በፊሽካ ወይም በባትሪ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ ምልክት ስጥ፤ አንድ ደቂቃ ዕረፍ፤ ደግሞም ድገም። ይህ ተራራ ወጪዎች የሚያውቁት የርዳታ ጥሪ ነው። በስልክህ ብቻ አትታመን፤ በተራራው ብዙ ስፍራ ኔትወርክ አይገኝም፥ ብርድም የስልክን ባትሪ ቶሎ ያደክማል።

፯. ስለ መመለስ

እስካሁን የተነገረውን ሁሉ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ቢጐድለው ዕውቀቱ አያድነውም። ያም ነገር «ልመለስ» ለማለት የሚያስችል ድፍረት ነው።

እስቲ አራት ጓደኞች ወደ ቧሂት ሲወጡ አስብ። ከእነርሱ አንዱ ከሌሊት ጀምሮ ራሱን ያመዋል፤ ቍርሱንም አልበላም። ነገር ግን ስለ እርሱ ሌሎቹ እንዳይመለሱ፥ ደካማም እንዳይባል፥ «ደኅና ነኝ» ይላል። ጓደኞቹም ፊቱ መገርጣቱን አይተው ቅር እንዳይለው ዝም ይላሉ። እርሱ በይሉኝታ ዋሸ፥ እነርሱም በይሉኝታ ዝም አሉ፤ ማንም ክፉ አላሰበም፤ ይሁን እንጂ ሁሉም አንድ ሆነው ጓደኛቸውን ወደ ሞት ይወስዱታል። በተራራ ላይ ሕመምን መሰወር ትዕግሥት አይደለም። ሰው ሁሉ የሚሰማውን እንዲናገር፥ አንዱ ቢታመምም ሁሉም እንዲመለሱ፥ ገና ከደባርቅ ሳይወጡ ቃል መግባባት ይገባል። ቃሉ አስቀድሞ ከተሰጠ በኋላ የሚናገረው ሰው አያፍርም።

በዓለም ታሪክ ከሚነገሩት የመመለስ ምሳሌዎች አንዱ የኧርነስት ሻክልተን ነው። ይህ ሰው ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ወደ ደቡብ ዋልታ ሲጓዝ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዩወሪ 9 ቀን 1909 ዓ.ም. 180 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲቀረው ቆመ። ከዚያ በፊት ወደ ዋልታው እንደ እርሱ የቀረበ ሰው አልነበረም። ነገር ግን የቀረውን ስንቅ ከመመለሻው መንገድ ጋር ባመዛዘነ ጊዜ፥ ወደ ፊት ቢሄድ ሊደርስ ይችል እንደ ሆነ እንጂ ጓደኞቹን በሕይወት ሊመልስ እንደማይችል አየ። ስለዚህ ተመለሰ። በመንገዱ ክፉ ረኀብ አገኛቸው፤ ሆኖም አራቱም በሕይወት ወደ መርከባቸው ደረሱ። በ1911 መጨረሻ ዋልታውን አስቀድሞ የረገጠው ሮአልድ አሙንድሰን ነው። ሻክልተን ግን በመመለሱ አልተዋረደም፤ ስሙ እስከ ዛሬ በክብር ይጠራል።

ሰዎች «ፈሪ ለእናቱ» እያሉ ያፌዛሉ። እናቲቱን ግን የጠየቃት የለም። የተራራው ጫፍ ለዓምናውም ለከርሞውም መንገደኛ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል፤ ልጇ ግን አንድ ጊዜ ካለፈ አይመለስላትም። ስለዚህ ገና ከሰፈር ሳትነሣ የመመለሻህን ሰዓት ወስን፤ ያም ሰዓት ሲደርስ ጫፉ በዓይንህ እየታየህ ቢሆንም ተመለስ። በድካምና በጕጕት መካከል ያለ ሰው በትክክል አይፈርድም፤ ጠዋት በረጋ ልብ የፈረድኸው ፍርድ ይጽና።

፰. ስላደርህበት ምድር

እንግዳ የተቀበለውን ቤት አቆሽሾ አይወጣም። ያመጣኸውን ፌስታልና ቆርቆሮ መልሰህ ውሰድ። አስታውንና ጅብራውን ለማገዶ አትቍረጥ፤ ጅብራ ብዙ ዘመን ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፤ ሳያብብ የቈረጠው ሰው ዘሩን ጭምር ቈረጠው። ለጭላዳ እህል አትስጥ፤ ሰውን ከለመደ ሌባ ይሆናል። ውሻም ይዘህ አትግባ፤ በዓለም ሁሉ ከ500 ገደማ የማይበልጡትን ቀይ ቀበሮዎች የሚጨርሳቸው ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነውና። እሳት ካነደድህም ውሃ አፍስሰህ አማስለው፤ በእጅህ ጀርባ ዳስሰህ መብረዱን ሳታውቅ አትሂድ። በ2019 የስሜን ሣርና ቍጥቋጦ በተቃጠለ ጊዜ፥ የአገሩ ሰው በቅጠልና በአፈር ታገለ፤ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፥ ከኬንያም ሄሊኮፕተር መጥተው ረዱ። ይህ ተራራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፥ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያም የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ በ2017 ነው። ከዚህም ጥፋት ቶሎ እንደሚደርስ፥ ማዳን ግን ረጅም ዘመን እንደሚፈጅ እንማራለን።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የዱር ጉዞ በሦስት ነገር ይጸናል፤ አስቀድሞ በማሰብ፥ ቀስ ብሎ በመሄድና በጊዜው በመመለስ። እነዚህን የያዘ ሰው ጫፉን ቢያይም ባያይም ጉዞው ተፈጽሟል። የጉዞ መጨረሻው የተራራው ራስ አይደለምና፤ የጉዞ መጨረሻው የቤት ደጃፍ ነው።

ጥያቄዎች

1. በተራራ ላይ ባቄላ ቶሎ የማይበስለው ስለ ምንድር ነው?
2. ጭስ የሌለው ከሰል በድንኳን ውስጥ የሚገድለው እንዴት ነው?
3. የከፍታ ሕመም የጸናበትን ሰው በምን ምልክት ታውቀዋለህ? ምንስ ታደርግለታለህ?
4. በትምህርቱ የተነገሩት አራት ጓደኞች ያጠፉት ጥፋት ምንድር ነው? አንተ ከእነርሱ አንዱ ብትሆን ምን ትል ነበር?
5. የመመለሻ ሰዓት ጠዋት መወሰን ያለበት ለምንድር ነው?